ቄስ ገዘተች የተባለችው ተማሪ

ንፋስ መውጫ ላይ አንዲት የአስረኛ ክፍል ተማሪ ቄስ ገዘተች ተባለ።

ወሬው ከመናኸሪያ ሲነሳ የተገዘቱት አንድ ቄስ ብቻ ነበሩ። ወገዳ ሲደርስ ሦስት ሆኑ። መካነ ኢየሱስ ላይ ከአውቶብስ ሲወርድማ ሰባት ቄስ፣ አንድ ዲያቆንና፣ በምን ጥፋቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም እንጂ፣ አንድ የእንስሳት ሐኪም ተጨምረውበት ነበር። ልጅቷ ሰው ጢም ባለበት አዳራሽ ብድግ ብላ "ከዛሬ ጀምሮ ምርቃትዎ ተይዟል!" ስትላቸው የቄሱ ምላስ ተሳሰረ። ጥምጥማቸው ከራሳቸው ተነስቶ ሁለት ጊዜ ዞረና ተመልሶ ተቀመጠ። ተቆልፎ የከረመው የትምህርት ቤቱ ትልቅ በር ማንም ሳይነካው ብርግድ አለ። ትምህርት አቋርጣ አገሯ የገባች ጓደኛዋም በዚያችው ቅጽበት አበባ በተሰካበት ባጃጅ ከች አለች። ይህን ሁሉ ያስጠናት ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ድርጅት ነው፤ ሥልጠናውን የወሰደችው ሆቴል ውስጥ ነው፣ ያውም ከምሳ ጋር።

ወሬው ደስ ይላል። ችግሩ ልጅቷን የሚያውቅ ሰው ሲሰማው ነው። ዕፀገነት አዱኛ ቄስ ልትገዝት ቀርቶ የክፍል አለቃውን ጠመኔ ጠይቃ አታውቅም። አስተማሪ ስም ሲጠራ "አቤት" የምትለው በልቧ ነው፤ በዚህ የተነሳ ባለፈው መንፈቅ ብቻ አስራ አራት ቀን እወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቀሪ ተብላ ተመዝግባለች። ግዝት ሥልጣን ይፈልጋል። የዕፀገነት ሥልጣን የተከራየችውን ክፍል ቁልፍ መያዝ ነው፤ እሱንም ከጓደኛዋ ከትዝታ ጋር በፈረቃ።

አገሯ ከንፋስ መውጫ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አባቷ አቶ አዱኛ ገብስና ባቄላ አምራች ናቸው፤ በየገበያው ቀን በአህያ የሳምንት ስንቋን ያመጡላታል፤ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ከጥርስ የሚጣላ ቆሎ። ትምህርቱ ሲቋረጥ ሲቀጥል፣ ሲቀጥል ሲቋረጥ ዕድሜዋ አስራ ዘጠኝ ሞልቶ ገና አስረኛ ክፍል ናት። ግን አልሰለቻትም። እናቷ ማሬ ሦስተኛ ልጃቸውን የወለዱት ቃሬዛ ላይ፣ መንገድ ለመንገድ ነው፤ ያን ያየች ልጅ ሌላ ሥራ አላማራትም። ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው፤ አለቀ።

ታዲያ ነገሩ የተጀመረው በፍየል ነው።

መስከረም ላይ ከትምህርት ቤቱ ትልቅ በር ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና ፍየል ገጨ። ተማሪ አልተነካም፤ ፍየል ነው። ባለ ፍየሉና ሾፌሩ በሽማግሌ እስኪስማሙ ድረስ መንገዱ ለሦስት ሰዓት ተዘጋ፤ ከዚያ መኪናው ሄደ፣ ፍየሉም ወጥ ሆነ። በማግስቱ "የተማሪዎች ደህንነት ኮሚቴ" ተቋቋመ።

ኮሚቴው አስራ አንድ አባላት አሉት። ዕድሜያቸው ቢደመር ጎንደር ሳትቆረቆር በፊት ያደርሳል። ሰብሳቢው አቶ ይስማው በከተማው ያልመሩት ኮሚቴ የለም፤ አንዳንዱ ሰው ከወንበር ጋር አብረው የተሠሩ ይመስለዋል። ጸሎትና ምርቃቱን የያዙት አባ ወልደ ማርያም ናቸው። የወጣቶች ተወካዩ አስቻለው አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ወጣትነትን ከሃያ ዓመት በፊት በድምፅ ብልጫ ተረክቦ እስከ ዛሬ አላስረከበም። በኮሚቴው ውስጥ ደህንነቱ የሚጠበቅለት ተማሪ ነው የሌለው። አንድም።

የመጀመሪያው ውሳኔ ቀላል ነበር። መኪና ያለው በትልቁ በር በኩል ነው፤ ትልቁ በር ይቆለፍ፣ ተማሪው በኋላው በር ይመላለስ። ተጨበጨበ።

የኋላው በር የሚያወጣው ወደ ቀጭን መንገድ ነው። በግራ ቦረቦር፣ በቀኝ ባህር ዛፍ፣ መሀል ላይ ጣራው የወለቀ ኦና ቤት። የከሰዓት ፈረቃ የሚለቀቀው አስራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ሲሆን፣ ጀምበሯ በዚያ ባህር ዛፍ ውስጥ ከሰው ቀድማ ነው የምትጠልቅ። ዛፉ ሥር አራት አምስት ሥራ ፈት ጎረምሶች ይቆማሉ። ስልክ ካልሰጠሽ አታልፊም ይላሉ፤ ስልክ የለኝም ያለችውን እጇን ይዘው ይፈትሻሉ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሄዱ፤ ቀጥሎ አምስት አምስት፤ ቀጥሎ ሩጫ። በዚያች መንገድ ላይ የተሮጠው ሩጫ ቢመዘገብ ኖሮ ጋይንት ስንት ሜዳልያ በወሰደ!

ኅዳር ላይ ዕፀገነት በታይፎይድ ተኝታ የቀረች ቀን፣ ትዝታ በዚያ መንገድ ብቻዋን መጣች። ከጎረምሶቹ አንዱ ሹራቧን ከኋላ ያዘው። ሹራቧን አውልቃ ጥላለት ዘለለች፤ የዘለለችበት ቦረቦር ግን ከሷ ቁመት ይበልጥ ነበር። ክንዷ ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን አባቷ ባዶ አህያ ይዘው መጥተው ፍራሿን ጠቀለሉና ጫኑባት። ትዝታ በደህናው እጇ የሒሳብ ደብተሯን ለዕፀገነት ሰጠቻት፤ "ያዥልኝ" አለች እንጂ "ውሰጅው" አላለችም።

ኮሚቴው በጣም አዘነ። ካዘነ በኋላ ተሰበሰበ፤ ከተሰበሰበ በኋላ ወሰነ። "ሴት ተማሪዎች ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ቤታቸው እንዲገቡ።"

ዕፀገነት ማስታወቂያውን ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከክፍል የምትወጣው አስራ አንድ ከሃያ ነው። ስለዚህ ገና ሳትወጣ፣ ሃያ ደቂቃ ቀድማ፣ ቤቷ ገብታ መቀመጥ አለባት ማለት ነው። የፊዚክስ መምህሩን ብትጠይቀው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና "ይሄ ገና በሳይንስ አልተደረሰበትም" አላት።

ጎረምሶቹን ግን ማንም ምንም አላላቸውም። በር የሚዘጋው በሴቶቹ ላይ፣ ሰዓት የሚገደበው በሴቶቹ ላይ፤ ባህር ዛፉ ሥር የቆመው ሰው በነጻነት ቆሟል፤ ትንሽ ቢቆይ አግዳሚ ወንበር ይሠራለት ነበር።

ጥር ላይ ሦስተኛው ሐሳብ ተለጠፈ። "ከየካቲት ወር ጀምሮ ጠባቂ የቤተሰብ አባል ይዛ የማትመላለስ ሴት ተማሪ በከሰዓት ፈረቃ እንዳትማር፤ በመጪው እሁድ ስብሰባ ይጸድቃል።" የጠዋቱ ፈረቃ ደግሞ ሞልቷል።

በገበያው ቀን አባቷ ስንቁን አራግፈው ሲጨርሱ ነገረቻቸው።

"አባባ፣ ጠባቂ አምጪ ብለውኛል።"

"ጠባቂ? ከብት ነሽ እንዴ?"

"በየቀኑ የሚወስደኝና የሚመልሰኝ የቤተሰብ ሰው ነው የሚሉት።"

አቶ አዱኛ የአህያዋን ጭነት ገመድ በእጃቸው ላይ ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ እንደገና ጠቀለሉ። "አራት ሰዓት መጥቼ አራት ሰዓት ልመለስ? እርሻውን ማን ይረስልኝ?" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እኔ እንድትማሪልኝ እንጂ ሌላ ምን እወዳለሁ። እሁድ የሚሉትን እንስማ። ካጸደቁት ግን ሰኞ አህያዋን ባዶዋን ይዤ እመጣለሁ፤ ዕቃሽን አሰናጂ።"

አህያ ባዶዋን ስትመጣ ምን ጭና እንደምትመለስ ዕፀገነት በትዝታ አይታዋለች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ተማሪው ሁሉ ተጠርቷል። የተጠራው ለሦስት ሥራ ነው፤ ወንበር ለመሸከም፣ ለማጨብጨብና በመጨረሻ ምርቃት ላይ አሜን ለማለት። መናገር አይቻልም ማለት ግን አይደለም፤ ይቻላል፣ ግን ወግ አለው። ንግግር የሚጀመረው ከታላቅ ነው፤ ሰማንያው ከተናገረ ሰባ ዘጠኙ፣ ከዚያ ሰባ ስምንቱ፣ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። አንዱ ሽማግሌ ሲናገር ሌላው የረሳው ትዝ ስለሚለው እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። ባለፉት ስብሰባዎች ተራው ከሃምሳ ዓመት በታች ወርዶ አያውቅም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ላይ እንዲደርስ ስብሰባው እስከ ፋሲካ መቀመጥ ነበረበት።

ዕፀገነት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች። እጇን ያስወጣት የሰኞዋ ባዶ አህያ ናት።

"ተራሽ ይደርሳል የኔ ልጅ" አሉ አቶ ይስማው በፍቅር።

እጇን እንዳነሳች የሰባ ሁለት ዓመቱ ተናገረ። በሌላኛው እጇ እየደገፈችው የስድሳ አምስት ዓመቱ ተናገረ። ክንዷ ሲዝል አወረደችው፤ መልሳ ስታወጣው አስቻለው ብድግ አለ። "በወጣቱ ስም ነው የምናገረው!" አለ፤ "ወጣቱ ይህን ውሳኔ በደስታ ተቀብሎታል!" ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። አቶ ይስማው ሰዓታቸውን አዩ። ጾመው ነው የመጡት፣ ምሳ ቀርቧል ተብሏል። "እንግዲህ ሁላችንም ከተስማማን አባታችን ይመርቁንና እንነሳ።"

አባ ወልደ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ። ሁሉም ቆመ።

"እግዚአብሔር አገራችንን ሰላም ያድርግልን!"

"አሜን!" አዳራሹ ተናወጠ።

"ዘመኑን የጥጋብ ያድርግልን!"

"አሜን!"

"የወሰንነውን ውሳኔ ለልጆቻችን የበረከት ያድርግልን!"

ዕፀገነት አፏን ከፈተች። አሜን አልመጣላትም። ብትፈልገው፣ ብትጎረጉረው፣ የለም። ደነገጠች፤ እኔ ብቻ ነኝ ብላ አጠገቧ የቆመችውን የክፍሏን ልጅ ዳግማዊትን ዞር ብላ አየቻት። ዳግማዊት ከንፈሯን ነክሳለች። ከሷ ኋላ ያለውም ዝም፣ ከዚያ ኋላ ያለውም ዝም። ሁለት መቶ ምናምን ተማሪ እንደ ቆመ ዝም አለ። ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች በርግጥ አሜን ብለዋል፤ ግን አስር አሜን፣ ያውም ግማሹ ጥርስ በጎደለው አፍ የወጣ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ ሳል ነው የተሰማው።

አባ ወልደ ማርያም ቀና አሉ። "ምነው?" አሉ። "አሜን አይባልም?"

መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቅዳሴም ቢሆን ሕዝብ ካልተቀበለ አይሄድም እኮ። ምን ሆናችሁ?"

ዳግማዊት ዕፀገነትን በክርኗ ገፋቻት። ያን የሚያህል ክርን ጋይንት ውስጥ የለም። ዕፀገነት ሳታስበው ከረድፉ አንድ እርምጃ ወጥታ ተገኘች።

"አባ፣ ምርቃትዎን ጠልተን አይደለም" አለች። ድምጿ መጀመሪያ ለራሷም አልተሰማትም። "ውሳኔው ከጸደቀ እኔ ነገ አገሬ ነኝ። አሜን ካልሁ ራሴን በራሴ ከትምህርት አስወጣሁ ማለት ነው።"

"ሥርዓት!" አሉ አቶ ይስማው። "ተራሽ ይደርሳል ተብለሻል!"

"የደረሰ ተማሪ አለ ጋሼ?"

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። አባ ወልደ ማርያም መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡና ቁጭ አሉ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ወይም የተስተካከለው። በዚህ አገር ምርቃት ሳያልቅ ከስብሰባ የሚወጣ ሽማግሌ የለም። ምሳው ቀርቧል፤ ሆዱ ይጮኻል፤ ግን ሳይመረቅ ማን ደፍሮ ይወጣል? አስር ሽማግሌዎች አባን እያዩ ቆሙ፣ አባ ልጅቷን እያዩ ተቀመጡ። ኮሚቴው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማዳመጥ ጊዜ አገኘ።

"ተናገሪ እስቲ" አሏት አባ።

"ከእናንተ መሀል በኋላው በር መንገድ የሄደ አለ?"

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በፕላኑ ላይ በደንብ ተመልክተነዋል።"

"ፕላኑ ላይ ጎረምሶቹ አሉበት?"

"የዚች ልጅ ድፍረት!" አለ አስቻለው። "የወጣቱ ተወካይ እኔ ቆሜ እያለሁ!"

"ጋሼ አስቻለው" አለች ዳግማዊት ከኋላ፣ "ልጅዎ እኮ ከኛ ጋር ነው የሚማር።"

ከዚህ በኋላ ማንም ተራ አልጠበቀ። ኦናው ቤት ምን ያህል ያስፈራል፣ ማን የት ይቆማል፣ ስንቷ ሳትናገር ፈረቃ ቀይራ ስንቷ ሳትናገር ቀረች፣ ሁሉም ወጣ። አንድ ዘጠነኛ ክፍል ልጅ የጎረምሶቹን ስም ከነአባታቸው ዘረዘረችው፤ አንደኛው የአባት ስም ሲጠራ ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

"እሺ፣ እናንተ ምን ይሁን ነው የምትሉ?" አሉ አባ።

"ትልቁ በር ይከፈት" አለች ዕፀገነት። "ስንገባና ስንወጣ አስር አስር ደቂቃ መኪና የሚያስቆም ሰው ይቁምልን። ጠባቂ አምጡ የሚለው ይቅር። ኮሚቴው ውስጥም ሁለት ተማሪ ይግባ፣ አንዷ ሴት።"

"አስር ደቂቃ!" አቶ ይስማው እጃቸውን ወደ ጣራው ዘረጉ። "አስፋልቱ እኮ የፌዴራል ነው! አገር አቋራጭ መኪና ለተማሪ ይቆማል?"

"ለፍየሉ ሦስት ሰዓት ቆሟል፣ ጋሼ።"

አዳራሹ ውስጥ የቀረው ሳቅ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። አባ ወልደ ማርያም ግን አልሳቁም። ፊታቸው ጠቆረ። "እኔም በዚያ መንገድ አልሄድሁበትም" አሉ ቀስ ብለው። "ሳልሄድበት ነው የፈረምሁ። የዚያች ክንዷ የተሰበረው ልጅ ነገር ሲነሳም አዘንን ብዬ ፈርሜያለሁ። ይህን ይዤ ምን ብዬ ልመርቅ?" ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። "አቶ ይስማው፣ በሩ ይከፈት። ጠባቂ የሚለውም ይሰረዝ። እስከዚያ እኔ አልነሳም።"

ስምንት ሰዓት አልፎ ዘጠኝ ሆነ። ከምሳው ቤት ሁለት ጊዜ መልእክት መጣ፣ ወጡ ቀዘቀዘ የሚል። ያሸነፈው መርህ ይሁን የወጡ መቀዝቀዝ አይታወቅም፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱ ተፈቀዱ፤ የበሩ መከፈት፣ መኪና አስቆሚውና የጠባቂው መቅረት። የተማሪ ተወካዩ ጉዳይ "በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይታያል" ተባለ። አባ ተነስተው መረቁ፤ አሜን ተባለ።

ሰኞ አቶ አዱኛ መጥተው አህያዋን ትልቁ በር ፊት ለፊት አቁመው ልጃቸው ስትገባ ቆመው አዩ፤ ምንም አልጫኑም፤ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ መልካም ነበር። ግን ቃለ ጉባኤው ተጻፈ። "ኮሚቴው ባካሄደው ጥልቅ ጥናት፣ በራሱ ተነሳሽነት፣ ትልቁ በር እንዲከፈት ወስኗል።" ተማሪ የሚል ቃል አልተጻፈበትም። መኪና እንዲያስቆም የተመደበው ሰው ልቡ የፈቀደ ቀን ይቆማል፤ ሌላውን ቀን ዕፀገነትና ዳግማዊት ነጠላ እያውለበለቡ ራሳቸው ያስቆማሉ። ጎረምሶቹ ዛሬም ባህር ዛፉ ሥር ናቸው። ኮሚቴው ደግሞ አዲስ ሥራ አግኝቷል፤ አሜን እንዳይባል ያስተባበረው ማን እንደሆነ ያጣራል። ዕፀገነትን ሦስት ጊዜ ጠርተው ጠየቋት። ማን ላከሽ፣ ማን አሠለጠነሽ፣ ከማን ጋር መከርሽ። የአራት ወር ጭንቀት ለመስማት ጊዜ ያጡ ሰዎች የአንዲት ደቂቃ ዝምታ ለመመርመር አራት ስብሰባ ተቀመጡ! ወሬው የተወለደውም ከዚያ ምርመራ ነው፤ አንዱ ሻይ ቤት ላይ "ነገሩ የተቀነባበረ ነው" አለ፣ ሌላው "ቄሱን ዝም አሰኘቻቸው" አለ፣ አውቶብሱ የቀረውን ጨረሰው።

ለትዝታ ቤት መልእክት ተልኮ ነበር፤ በሩ ተከፍቷል፣ ትመለስ ተብሎ። አባቷ "ዛሬ ከፍተው ነገ ቢዘጉትስ ማንን ልጠይቅ? ከልጆቹ ኮሚቴው ውስጥ የሚገባ የለ፣ የሚሰማቸው የለ፤ ልጄን አልሰጥም" አሉ። ሰውዬው ተሳስተዋል ለማለት ዕፀገነት አፏ አልታዘዘላትም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የሒሳብ ደብተሩንና የወሩን ትምህርት የገለበጠችበትን ወረቀት ይዛ ወደ ትዝታ አገር የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጡት ከእስቴ የመጡ በግ ነጋዴ ነበሩ። መኪናው ገና ከተማውን ሳይለቅ ወሬውን ጀመሩላት፤ ከምላሱ መተሳሰር እስከ ጥምጥሙ መዞር፣ ከሆቴሉ ምሳ እስከ ባለ አበባው ባጃጅ፣ አንድም ሳያስቀሩ።

"አንቺም የዚህ ተማሪ ከሆንሽ ታውቂያታለሽ" አሏት ሲጨርሱ። "ዕፀገነት ነው መሰለኝ ስሟ።"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

ነጋዴው ወደ መስኮቱ ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ ለማንኛውም አማተቡ።

"ቄስ አልገዘትሁም" አለች ዕፀገነት። ድምጿ እስከ ሾፌሩ ተሰማ። "ምላሳቸውም አልተሳሰረም፤ እንዲያውም ከሁሉም ደህና የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ያሠለጠነኝ የለም፤ ምሳም አልበላሁ። አሜን አትበሉ ያልሁት ሰው የለም፤ ሁላችንም ነን ዝም ያልነው፣ ማናችንም አልተማከርነም። በሩ በተአምር አልተከፈተም፤ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ተኩል ለምነን ነው። ትዝታም አልተመለሰችም፤ ይኸው እሷ ዘንድ ነው የምሄደው። ከነገሩኝ ውስጥ እውነት የሆነ አንድም የለም።"